የፌዴሬሽን ምክር ቤት፦ ክልሎችና ፌዴራል መንግሥት ሲስማሙና ሲጋጩ

የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ካቋቋማቸው ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች አንዱ ነው። ሕግ አያወጣም፤ ያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። ይኼኛው ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሳ አለመግባባትን ይፈታል፣ የጋራ ገቢንና የድጎማን ክፍፍል ይወስናል። ማንኛውም ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ የሚያዘውም እሱ ነው (አንቀጽ 62)።

ወንበሩ የሚደለደለው በክልል ሳይሆን በብሔር ነው። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ያገኛል፤ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወንበር ይታከላል። ጥቂት ሺህ ሕዝብ ያለው ብሔረሰብም ስለዚህ የራሱ ሰው አለው፤ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነው። ብዙ ሕዝብ ያላቸው ድምፅ ያመዝናሉ የሚል ቅሬታ ግን ይሰማል። በትርጉም ሥራው የሚያግዘው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን፣ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው።

በኢሕአዴግ ዘመን ብዙው ጉዳይ በፓርቲው ውስጥ ያልቅ ነበር። ወደ ምክር ቤቱ ከደረሱት መካከል፣ ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ብሔረሰብ ነው ወይ የሚለው የማንነት ጥያቄ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ እልባት አገኘ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ባሉ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ።

ምክር ቤቱ ከምንጊዜውም በላይ የተፈተነው በ2012 ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ተራዘመ፤ የምክር ቤቶች ዘመን ግን መስከረም 2013 ላይ ያበቃል። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ ስላልነበረው ጥያቄው ለትርጉም ቀረበ፤ አጣሪ ጉባኤውም የባለሙያዎችን አስተያየት በቀጥታ በቴሌቪዥን አሰማ። ሰኔ 1 ቀን አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣን ለቀቁ፤ በሰኔ 3 ምክር ቤቱ የመንግሥትን ዘመን የሚያራዝመውን ትርጉም አጸደቀ። ደጋፊዎቹ አገሪቱን ያለ መንግሥት ከመቅረት ያዳነ ውሳኔ ይሉታል፤ ተቺዎቹ ዳኛውም ተጠቃሚውም አንድ ሆነ ይላሉ። የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ። ምክር ቤቱ ምርጫውን ቀድሞውኑ ውድቅ አድርጎት ነበር። ክልሉም መስከረም 25 የፌዴራል መንግሥቱ ዘመን አብቅቷል ብሎ ተወካዮቹን ከፌዴራል ተቋማት መልሶ ጠራ። ከሁለት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ የፌዴራል መንግሥት ከክልሉ አመራር ጋር ያለውን ግንኙነት አቋርጦ ከወረዳና ከቀበሌ ጋር እንዲሠራ ወሰነ። ከወር በኋላ በትግራይ ጦርነት ተነሳ።

በ2013 ዓ.ም. የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1231 ወጣ። እስከዚያ ድረስ የፌዴራልና የክልል ባለሥልጣናት የሚመክሩበት መድረክ በአመዛኙ በልማድ የሚሄድ ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉት፣ ክልሎች 12 ደረሱ።

ጦርነቱን ለማስቆም የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የፈረሙት ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የሚነሳባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል። በአንቀጽ 48 መሠረት የወሰን ጉዳይ በክልሎቹ ስምምነት ይፈታል፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስናል።