ነጻ ፈቃድ ምንድን ነው? በእርግጥ አለን ወይስ ይመስለናል?

አንድ ሰው መጠጥ ጥሎት ሲታይ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ምን ያድርግ፣ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይላል። ሌላው «ማን አስገደደው? በገዛ እጁ ነው» ይላል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቡና ላይ ሲላቸው ሰምቻለሁ። የነጻ ፈቃድ ጥያቄ ይሄው ነው።

ነጻ ፈቃድ ስንል፣ ሰው የሚያደርገውን ራሱ መርጦ ያደርጋል፣ ቢፈልግ ሌላም ማድረግ ይችል ነበር ማለታችን ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ ይላል። «ከተጻፈ አይቀርም» የምንለውም ግን እኛው ነን።

ነጻ ፈቃድን የሚክዱት ሰዎች ሙግት ቀላል ነው። ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም። አንጎልም አካል ነው፣ የሚሠራው በኬሚካልና በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሻይ ትተህ ቡና ያዘዝከው ከእንቅልፍህ፣ ከአስተዳደግህ፣ ከወላጆችህ ከወረስከው ነገር ተነሥቶ ነው፣ እነዚህን ደግሞ አንዱንም አልመረጥካቸውም።

ይህን ክርክር ላቦራቶሪ ያስገባው በሳን ፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው የአንጎል ተመራማሪ ቤንጃሚን ሊቤት ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 1983። በሙከራው የተሳተፉት ሰዎች ራስ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለኩ ሽቦዎች አድርጎ፣ «በፈለጋችሁ ጊዜ እጃችሁን ከአንጓው እጠፉ» አላቸው። ፊታቸው በ2.56 ሴኮንድ አንዴ የሚዞር ነጥብ አለ። «ላድርገው» የሚለው ስሜት ሲመጣ ነጥቡ የት እንደነበር ይናገራሉ። ስሜቱ የሚመጣው እጁ ከመንቀሳቀሱ 200 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ቀደም ብሎ ነው። አንጎሉ ግን 550 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው መዘጋጀት ጀምሯል። ሰውየው «ወሰንኩ» ከማለቱ በፊት ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «በቃ፣ ነጻ ፈቃድ የለም» ይላል። ሊቤት ራሱ ግን እንዲህ አላለም። በቀረችው ትንሽ ጊዜ ሰው «ተወው» ብሎ እጁን መያዝ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። በ2008 ጆን ዲላን ሄይንስና ባልደረቦቹ ሰው ቀኙን ወይስ ግራውን ቁልፍ እንደሚጫን ከአንጎል ምስል ሴኮንዶች ቀድመው መገመት ቻሉ ተብሎ ብዙ ተወራ። ግምታቸው የሚሳካው 60 በመቶ አካባቢ ነበር። ሳንቲም ብትወረውር 50 ታገኛለህ።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ በ2012 ያቀረቡት ማብራሪያ ነው። ተራ የሚጠብቅ ታክሲ አስብ። ሰው ይገባል፣ መቆየቱ የሰለቸው ይወርዳል፣ ሲሞላ ይነሣል። ከተነሣበት ደቂቃ ወደ ኋላ ቆጥረህ ካየኸው ሁልጊዜ እየሞላ ነበር፤ ይህ ግን ገና ከመጀመሪያው «አሁን እንሄዳለን» የተባለ ውሳኔ ነበር ማለት አይደለም። አንጎልም እንደዚያው ነው ይላሉ፦ ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ አለ፣ አንድ ልክ ላይ ሲደርስ እጁ ይታጠፋል። ሊቤት ያየው ዝግጅት የተቆረጠ ውሳኔ ሳይሆን ይህ መሙላት ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ያለ ምንም ምክንያት እጅ ማጠፍ ምን ምርጫ ነው? ዐረብ አገር ልሂድ አልሂድ የምትል ልጅ ወራት ታስባለች፣ እናቷን ትጠይቃለች፣ ደርሰው የመጡትን ትሰማለች፣ ሐሳቧን ትቀይራለች። ነጻ ፈቃድ ካለ፣ ያለው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አንቀላቅል፣ በጣም ስለሚጎዳን። የአርባ ቀን ዕድል የሚለው አስተሳሰብ ብታደርግም ባታደርግም መጨረሻው ያው ነው ይላል። ምክንያትና ውጤት የሚለው ግን መጨረሻው የሚመጣው አንተ በምታደርገው በኩል ነው ይላል። ማሰብህ፣ መምከርህ፣ መድኃኒቱን መዋጥህ ራሳቸው ምክንያቶች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 ነጻነትን ያየው በዚህ መንገድ ነበር፦ እንደ ፈቃድህ ማድረግ ወይም አለማድረግ ከቻልክ ነጻ ነህ፣ ፈቃድህ መነሻ ቢኖረውም። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነጻነት ከምክንያት ማምለጥ ሳይሆን ምክንያት ሰምቶ መለወጥ መቻል ነው፣ ስለዚህም አንዱ ሰው ጋ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ያንሳል። ሱስ ይቀንሰዋል። በሽታም ይቀንሰዋል።

ምን ያህል እንደሚቀንሰው መለካት ግን ከባድ ነው። በ1966 ቻርልስ ዊትማን የሚባል ሰው እናቱንና ሚስቱን ገደለ፣ ከዚያ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ሆኖ በሰው ላይ ተኮሰ። ትቶት በሄደው ደብዳቤ ውስጡ የማይገባው ነገር እንዳለ ጽፎ፣ ሲሞት አስከሬኑ እንዲመረመር ለምኖ ነበር። ሲመረመር አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ጉዳዩን ያጣሩት ባለሙያዎች ዕጢው አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል አሉ፣ አድርጓል ብለው ግን አልቆረጡም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።