ቤንዚን ሳያልቅ ለምን «አለቀ» ይባላል?

የሽሚያ ግዢ ማለት የግድ ነዳጅ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቤንዚኑ ከማደያው ታንከር ወደ ተሽከርካሪዎች ታንከር ተዛወረ ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ እናስላው። የባጃጅ ታንከር ወደ 8 ሊትር ይይዛል። በአዘቦት ቀን ሹፌሩ ሊያልቅበት ሲል ስለሚቀዳ፣ የከተማው ባጃጆች በአማካይ ግማሽ ያህል ይዘው ነው የሚዞሩት። «ቦቴው ከጂቡቲ አልተነሳም» የሚል ወሬ ሲነፍስ ግን ሁሉም ባንዴ ይሞላል። 1,000 ባጃጅ 4 ሊትር ቢጨምር 4,000 ሊትር ከማደያ ወጣ፤ አንድም ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ሳይነዳ! ጀሪካኑ ገና አልተቆጠረም።

አውሎ ነፋስ በሚመታቸው አገሮች መብራትም ይጠፋል፤ ቤንዚኑ መሬት ውስጥ እያለ የሚስበው ፓምፕ ይቆማል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከሳንዲ አውሎ ነፋስ በኋላ ኒው ጀርሲ የሙሉና ጎዶሎ ታርጋ ተራ ያወጣችው ለዚህ ነበር። የመጨረሻው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ በጎዶሎ ቀን፣ ሙሉ ከሆነ በሙሉ ቀን ይቀዳል፤ ዜሮ እንደ ሙሉ ይቆጠራል። ተራው ሰልፍ ያሳጥራል እንጂ ሊትር አይጨምርም።

እባካችሁ፣ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ የከሰል ምድጃው ጋ ይደርሳል።