የምስክር አበል፦ ጅማ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጌራ ወይም ከሊሙ ጅማ ፍርድ ቤት የተጠራ ምስክር መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የሚናገረው ነገር አይደለም። መኪናው ነው። ቀጠሮው ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ወይ በሌሊት መነሳት ነው፣ ወይ በዋዜማው ገብቶ ማደር። ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ምሳ፣ አንዳንዴም አልጋ አለ። ይህን ማን ይሸፍናል ብላችሁ ብትጠይቁ ከየሰዉ የተለያየ መልስ ትሰማላችሁ። አብዛኛው ደግሞ ትክክል አይደለም።

«ገንዘብ የተቀበለ ምስክር የተገዛ ምስክር ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው። ጨዋ ሰዎች «ተገዛ እንዳልባል» ብለው የሚገባቸውን የመኪና ሒሳብ ሳይጠይቁ ከኪሳቸው ከፍለው ይመለሳሉ።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር የሚያስጠራው ተከራካሪ ገንዘብ እንዲያስይዝ ያዛል። መጥሪያው ከመውጣቱ በፊት፣ ለምስክሩ መሄጃና መመለሻ እንዲሁም ለሌሎች ወጪዎቹ የሚበቃውን ለፍርድ ቤት ያስገባል። ልኩን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። እንግዲህ ይህ ገንዘብ በዳኛ የታወቀ፣ በመዝገብ ያለፈ ነው። ማፈሪያ የሚሆንበት ምንም ምክንያት የለም።

ወንጀል የሚሆነው ገንዘቡ ከሚነገረው ቃል ጋር ሲታሰር ነው። «እንዲህ በልልኝ፣ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይጠየቃል። ተቀብሎ በሐሰት የሚመሰክረውም እንደዚያው። የሚኒባስ ሒሳብና ምሳ ግን ለየትኛውም ቃል ዋጋ አይደለም። እውነት የተናገረም ውሸት የተናገረም ያንኑ መኪና ተሳፍሮ ነው የመጣው።

ብዙ ተከራካሪዎች «ምስክሮቼን ራሴ አቀርባለሁ» ብለው ትራንስፖርቱን በእጃቸው ይከፍላሉ። የተለመደ ነው። ያኔ ከትክክለኛው ወጪ አለማለፍ፣ መደበቅም አለመሞከር ይበጃል። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ «ስንት ተቀበልክ?» ቢላችሁ አትደንግጡ። «የደርሶ መልስ መኪናና ምሳ» ብሎ ቁርጡን መናገር ነው። ምስክርን የሚጥለው መቀበሉ ሳይሆን መካዱ ነው።

እኔ እንደማምነው፣ ለመግዛት የሚመቸው በሕጋዊ መንገድ ወጪው ያልተሸፈነለት ምስክር ነው። ባዶ ኪስ ይዞ መናኸሪያ የቆመን ሰው ማንም መጥቶ «ና እኔ ላሳፍርህ» ሊለው ይችላል። ስለዚህ አበሉ በወቅቱ መከፈሉ የፍትሕ ጉዳይ ነው፣ የቸርነት አይደለም።

«ካልከፈሉኝ አልሄድም»

ይህ አደገኛ ነው። መጥሪያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በአግባቡ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ምስክር በፖሊስ ተይዞ ሊቀርብ፣ ሊቀጣም ይችላል። ገንዘቡ ካልደረሳችሁ ቀርቦ መጠየቅ ነው፣ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት) ጋ ወይም ችሎት ላይ። መምጫ እንኳ ከሌላችሁ ከቀጠሮው ቀን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ዝም ብሎ መቅረት መብታችሁን አያስከብርም።

ቀጠሮው ተሸጋግሮ ከአንድ ቀን በላይ ብትቆዩስ? ሕጉ ለዚህም ቦታ አለው። ፍርድ ቤቱ ለተጨማሪው ጊዜ የሚበቃ ወጪ እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል። ግን ሳትናገሩ ማንም አያውቅላችሁም።

በወንጀል ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ የጠራችሁ ከሆነ ጥያቄውን ለዐቃቤ ሕጉ ወይም ለሬጅስትራሩ አቅርቡ። ከተከሳሽ ወይም ከዘመዶቹ ግን የመኪና ሒሳብ እንኳ አትቀበሉ።

«ያስጠራኝ ሰው ከተረታ አይከፈለኝም»

ውጤቱ ከአበሉ ጋር አይገናኝም። ምስክር የመጣው ያየውን ሊናገር ነው። «ካሸነፍኩ እከፍልሃለሁ» የሚላችሁ ካለ እምቢ በሉት። ያ ወጪ መተካት ሳይሆን ከድሉ ድርሻ መስጠት ነው።

«አበሉ የቀረብኝን ሥራ ይክሳል»

እዚህ ላይ ሰዉ ተስፋ አድርጎ ሄዶ አዝኖ ይመለሳል። ለተራ ምስክር የሚሰላው መንገድና ተያያዥ ወጪ ነው፤ የቀን ገቢ ምትክ አይደለም። ጊዜውና ድካሙ ታስቦ ተገቢ ክፍያ ሊወሰንለት የሚችለው በሙያው የሚጠራው ባለሙያ ምስክር ነው።

ይህ ጅማ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል። ለቃሚ የሚከፈለው በለቀመው ልክ ነው። ከማና ወይም ከሰቃ ጠዋት የተጠራች እናት ከሰዓት «ዳኛው ስብሰባ አላቸው» ተብላ ስትመለስ፣ የዚያን ቀን ገቢዋን ማንም አይመልስላትም። ሕጉ ይህን ክፍተት ሊደፍን ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ቀጠሮ ሲሰጥ ለዳኛው «ለቀማ ላይ ነኝ፣ የገበያ ቀኔም ይህ ነው» ብሎ ማስረዳት ምንም ነውር የለውም። አስጠሪውም መጥሪያ ከማስወጣቱ በፊት ምስክሮቹን መቼ እንደሚመቻቸው ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ስድስት ሰው ጠርቶ ሁለቱን ብቻ ማሰማትም የሰው ቀን ማቃጠል ነው።

«ሥራ ስለቀረሁ ደመወዜ ይቆረጣል»

አይቆረጥም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 83 ፍርድ ቤት ለመመስከር የሚሄድ ሠራተኛ ለዚሁ ላዋለው ጊዜ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጠው ይላል። የቡና ማጠቢያም ሆነ የሆቴል ባለቤት ይህን አልሰማሁም ሊል አይችልም። በፍርድ ቤት የተጠራ የመንግሥት ሠራተኛም እንዲሁ ፈቃድ ያገኛል። ልብ በሉ፣ የሚሸፈነው ለምስክርነቱ የዋለው ጊዜ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ላይ ጨርሶ ቀኑን ሙሉ አጂፕ ሰፈር ሲዞር ለዋለ ሰው አይሠራም። መጥሪያውን ለአለቃችሁ ቀድማችሁ አሳዩ፣ ስትጨርሱም መቅረባችሁን የሚገልጽ ማስረጃ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ።

«ለምስክር ያወጣሁት ገንዘብ ቀለጠ»

ይህ የተከራካሪዎች እሮሮ ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ግን ፍርድ ቤቱ የረታውን ወገን ወጪና ኪሳራ የተረታው እንዲተካ ሊያዝ ይችላል። ለምስክሮች የወጣውም እዚያ ውስጥ ይገባል። የሚጠየቀው ግን ዝርዝሩ ተጽፎ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያስያዛችሁበትን ደረሰኝ ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር አስቀምጡ፤ ለየትኛው ምስክር፣ በየትኛው ቀጠሮ፣ ስንት እንደወጣ በዕለቱ ጻፉ። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ማስታወሻ ግን መያዝ ይቻላል።