ፍራንስዋዝ ጋስ እና የኢትዮጵያ ሐይቆች የአየር ንብረት ታሪክ

ፈረንሳዊቷ ሳይንቲስት ፍራንስዋዝ ጋስ (1942–2014 እ.ኤ.አ.) የሐይቅ ደለልን በመመርመር የጥንቱን የአየር ንብረትና የውሃ መጠን ያጠኑ ተመራማሪ ናቸው። በኋላ በማዳጋስካርና በቲቤትም ሠርተዋል፤ ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ግን የተጀመረው በአፋር ሐይቆች ላይ ነው።

የጥናታቸው ዋና ምስክር ዲያቶም ነው። ዲያቶም በዓይን የማይታይ ባለአንድ ሕዋስ አልጌ ሲሆን፣ እንደ መስታወት ያለው የሲሊካ ቅርፊቱ ከሞተ በኋላም ሳይበሰብስ በደለል ውስጥ ይቆያል። ጨዋማ ውሃ የሚስማማው ዝርያ ንጹሕ ውሃ ከሚስማማው በቅርፊቱ ስለሚለይ፣ ከአንድ የደለል ንጣፍ የተወሰደ ጥቂት ጭቃ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ዝርያዎቹ ሲቆጠሩ፣ ሐይቅ ሲጎድል ጨዋማነቱ ስለሚጨምር፣ ሐይቁ በዚያን ዘመን ሞልቶ እንደነበር ወይም ጎድሎ እንደነበር መገመት ይቻላል። ዘመኑ ደግሞ በራዲዮካርቦን፣ ማለትም በደለሉ ውስጥ ሳይመነምን በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን መጠን፣ ይለካል።

ጋስ በዚህ ዘዴ አዋሽ የሚያበቃበትን የአቤ ሐይቅ የ70,000 ዓመት ታሪክ በ1977 አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት ከእንግሊዛዊቷ አሌይን ስትሪት ጋር ባወጡት ጥናት የአፋርንና የዝዋይ–ሻላን ተፋሰሶች አነጻጽረዋል። ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ከዛሬው የሻላ ወለል 110 ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር፤ ትርፉም በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዚያ ሐይቅ ደለል ቡልቡላ ወንዝ በሸረሸረው ገደል ላይ ተደራርቦ ይታያል። ለሙላቱ ምክንያት የሚባለው የምድር ምሕዋር ለውጥ የክረምቱን ዝናብ ማጠናከሩ ነው፤ በመካከል ለተከሰቱት ድንገተኛ ድርቀቶች ግን ተመራማሪዎች የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣሉ። ያም ሆነ ይህ፣ የአፍሪካ የዝናብ ታሪክ በሚጻፍበት ሁሉ የአገራችን ሐይቆች ከቀዳሚዎቹ መዛግብት ተርታ ናቸው።

ጋስ በ2005 የስዊድኑን የቬጋ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ዛሬ አቢያታ በፍጥነት እየሸሸ ነው። መውጫ ስለሌለው፣ በቡልቡላ በኩል ከዝዋይ የሚደርሰው ውሃ ሲቀንስ ጉዳቱ ወዲያው ይታይበታል፤ ጨዋማነቱ ጨምሮ ዓሣው በመጥፋቱ በሻላ ደሴቶች የሚራቡት ይብራዎች (ፔሊካኖች) ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ለመሄድ ተገደዋል። ለመስኖ ከዝዋይና ከገባር ወንዞቹ የሚጠለፈው ውሃ ዋናው ምክንያት መሆኑ እምብዛም አያከራክርም፤ ከአቢያታ ውሃ ሶዳ አሽ የተባለውን የኢንዱስትሪ ጨው ለማምረት በዳርቻው የተተከለው ፋብሪካ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም።