በርሊን ውስጥ ውሻ ማሳደግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በርሊን ለመጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ከሚያርፍባቸው ነገሮች አንዱ ውሻ ነው። ኡባን (የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር) ውስጥ ከባለቤቱ እግር ሥር ተጋድሞ ይጓዛል። ካፌ ሲገባ አስተናጋጇ የሰውየውን ቡና ከማምጣቷ በፊት ለውሻው ውኃ ታስቀምጣለች። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር የሚያንቀላፋም አለ። ከዚህ ተነስቶ በየቡናው የሚወራው ግን ብዙው አይያዝም። ዓይን የሚያየው ጸጥ ብሎ የተኛውን ውሻ ነው፤ ውሻው እንዲህ እንዲተኛ ባለቤቱ የሞላው ፎርም፣ የሚከፍለው ግብርና መድን፣ በልምምድ ያሳለፈው ጊዜ አይታይም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«እዚህ አገር ውሻ ከሰው ይበልጣል»

ይህን ያላለ ሐበሻ አላውቅም። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1990 ጀምሮ እንስሳት ዕቃ አይደሉም ይላል፤ ይህን ሰምቶ የተገረመ ሰው ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር አያነብም። የተለየ ድንጋጌ ከሌለ በስተቀር ለዕቃ የወጣው ሕግ ለእንስሳትም ይሠራል ይላል እዚያው አንቀጽ ላይ። ስለዚህ ውሻ ይሸጣል፣ ይወረሳል፤ ባልና ሚስት ሲለያዩም ፍርድ ቤት ከቤት ዕቃ ጋር ያየዋል። በ2002 የእንስሳት ጥበቃ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባውም መንግሥት ሊጠብቃቸው ይገባል በሚል እንጂ ውሻን ባለመብት ዜጋ ለማድረግ አይደለም።

ሕጉ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ላይ ግዴታ ይጭናል። ውሻ ከቤት ውጭ በቂ እንቅስቃሴ ማግኘት አለበት፤ በቀን ብዙ ጊዜ ሰው ሊቀርበው ይገባል። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ውሻን አስሮ ማኖር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተከልክሏል። እኛ አገር ቀኑን ሙሉ ግቢ በር ላይ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለው ዓይነት ውሻ እዚህ ባለቤቱን ያስከስሳል።

«ለውሻ የምትመች ከተማ ስለሆነች ገመድ አያስፈልግም»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው፤ የበርሊን ሰውም ሳይቀር። ከ2019 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በከተማዋ ውሻን በገመድ መያዝ አጠቃላይ ግዴታ ነው። ከጁላይ 22 ቀን 2016 በፊት ጀምሮ ባለቤቱ ጋ ለነበረ ውሻ የተወሰነ ነፃነት ተሰጥቶ ነበር፤ እነዚያ ውሾች ግን አርጅተዋል፣ ብዙዎቹም አልፈዋል። የውሻ አያያዝ ፈተና ወስዶ ያለፈ ሰው ጭር ባለ መንገድ ላይ ግዴታው ይነሳለታል። ፓርክ፣ ጫካና የገበያ ጎዳና ግን ፈቃዱ ውስጥ አይገቡም።

የገመዱ ርዝመት ራሱ ተለክቷል። ፓርክና ጫካ ውስጥ ቢበዛ 2 ሜትር፤ የጋራ ደረጃ ላይ፣ ባቡር ጣቢያና የእግረኛ ጎዳና ላይ ቢበዛ 1 ሜትር። የልጆች መጫወቻና ምልክት የተደረገበት የመዋኛ ዳርቻ በገመድም ቢሆን አይገባበትም። ያ እየተተረተረ ረዥም የሚሆነው ገመድ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ለብዙው ቦታ ሕገ ወጥ ነው ማለት ነው፤ ሱቁ ግን ይሸጠዋል፣ ሰውም ይገዛዋል።

ታዲያ «ለውሻ የምትመች» የተባለችው በምኗ ነው? ውሻ የሚለቀቅበት ቦታ ስላላት ነው። የከተማዋ ጫካዎች ውስጥ ውሻ ያለ ገመድ የሚሮጥባቸው 12 ክልሎች አሉ፤ ትልቁ ግሩነቫልድ 800 ሄክታር ያህል ሲሆን ሐይቅም አለው። ቅዳሜ ጠዋት ግሩነቫልድ ሄዳችሁ እዩ፤ ጭቃ የለበሰው ውሻ ሁሉ በደስታ ያበደ ይመስላል፣ ባለቤቶቹም ከከተማው ውስጥ ይልቅ ሰላምተኛ ናቸው። ቴምፕልሆፈር ፌልድም፣ የቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ፣ በ2010 ለሕዝብ ሲከፈት ታጥረው ለውሻ የተለዩ ቦታዎች ተደረጉለት። ከአጥሩ ሲወጡ ገመዱ ይመለሳል።

«የእኔ ውሻ አይናከስም»

ውሻው ባይናከስም ባለቤቱ ይክሳል። የጀርመን ሕግ ለቤት ውሻ ባለቤት ጥፋት መኖሩን አይጠይቅም። ውሻው ተጫውቶም ይሁን ደንግጦ ብስክሌት መንገድ ላይ ዘልሎ ቢገባ፣ ብስክሌተኛውም ወድቆ ክንዱ ቢሰበር፣ ሕክምናውን፣ የሥራ ገቢውን፣ የሥቃይ ካሳውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። «ጥሩ ነበር እኮ የያዝኩት» ማለት አያድንም። በርሊን ለዚህ ብላ የኃላፊነት መድንን ግዴታ አድርጋለች፤ መድኑ ቢያንስ የ1 ሚሊዮን ዩሮ ሽፋን ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ የዓመት ክፍያው ውሻው ከሚበላው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። አንድ ሰው ለዕድሜ ልኩ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ቢቀር ካሳው ስንት እንደሚደርስ ያሰበ ሰው አያጉረመርምም።

«ግብር ከፍያለሁ፤ እዳሪውን ከተማው ይጥረገው»

የውሻ ግብሩ በዓመት ለመጀመሪያው ውሻ 120 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 180 ዩሮ ነው። ገንዘቡ ግን የመንገድ ጽዳት በጀት ውስጥ አይገባም። ግብር ማለት ጀርመን ውስጥ ለአንድ አገልግሎት የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ ወደ አጠቃላዩ ካዝና ይገባል፣ ከዚያ ለትምህርት ቤትም ለድልድይም ይውላል። እዳሪውን ማንሳት የባለቤቱ ሥራ ነው። በርሊን ውስጥ ውሻ ይዞ የወጣ ሰው ማንሻ ከረጢት ኪሱ ውስጥ መያዝም አለበት፤ ውሻው ገና ምንም ሳይሠራ ቢሆንም ከረጢት አለመያዝ ራሱ ጥፋት ነው። (ከረጢቱን አንስቶ፣ አስሮ፣ ዛፍ ሥር የሚተወው ሰው ምን እንደሚያስብ ግን እስካሁን አልገባኝም።)

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ግብር ቢሮው የሰጠው የአንገት ምልክት ምዝገባ የሚመስለው ብዙ ነው። ከ2022 ጀምሮ ግን የበርሊን ማዕከላዊ የውሻ መዝገብ አለ፤ ከግብሩ የተለየ ነው፣ ለብቻው ይመዘገቡበታል። ከውሻው ቆዳ ሥር የሚገባው መለያ፣ ማይክሮቺፑም፣ ግዴታ ነው።

«ኡባን ላይ ውሻ በነፃ ነው»

ቅርጫት ወይም ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ትንሹ፣ አዎ። ከዚያ የሚተልቀው የቅናሽ ትኬት ይቆረጥለታል፤ የወር ትኬትዎ ውሻ ያካትት እንደሆነ ውሉን ያንብቡ፣ ሁሉም አያካትትም። በገመድ መያዝና አፉ ላይ መከላከያ ማድረግም ደንቡ ነው። መከላከያ ያላደረገ ውሻ በብዛት ታያላችሁ፤ ይህ ደንቡ እንደሌለ አያሳይም፣ ተቆጣጣሪው ዛሬ አለመምጣቱን ነው።

«የኪራይ ውሉ ውሻ ይከለክላል፤ አበቃ»

አላበቃም፤ ግን የተገላቢጦሹም አይደለም። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2013 በሰጠው ውሳኔ፣ አከራዩ ለሁሉም ተከራይ በሚሰጠው የታተመ ውል ውስጥ «ውሻና ድመት በምንም ዓይነት አይፈቀድም» የሚለው ሐረግ ዋጋ የለውም ብሏል። ይህ ዜና በየሐበሻው ስልክ ሲዘዋወር «ፍርድ ቤት ውሻ ፈቀደ» ሆኖ ደረሰ። የተፈቀደው ግን ጥያቄው በየጉዳዩ እንዲመዘን ነው። ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ውሻው ምን ያህላል? ጎረቤት አለርጂ አለበት? ሌሎች ተከራዮች ውሻ አላቸው? አከራዩ የጎረቤቱን ፎቅ ሰውዬ ፈቅዶ እናንተን ያለ ምክንያት ቢከለክል አቋሙ ይደክማል። 30 ካሬ ሜትር ስቱዲዮ ውስጥ ትልቅ እረኛ ውሻ ማሳደግ ከፈለጋችሁ ደግሞ የእናንተ አቋም ይደክማል።

የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ውሻው ሳይመጣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። «አከራዬ ደግ ናት፣ በቃል ነግራኛለች» የሚለው ቤቱ ለሌላ ሰው እስኪሸጥ ድረስ ነው።

ጩኸትም እዚሁ ይገባል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ በርሊን ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መጮኽ የለበትም። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች በቀንም ቢሆን በተከታታይ ከ10 ደቂቃ፣ በድምሩ በቀን ከ30 ደቂቃ በላይ የሚሄድን ጩኸት ጎረቤት ሊታገሠው አይገባም ብለዋል። ብቻውን ሲቀር የሚያለቅስ ቡችላ ይህን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ፈረቃ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ከምግቡ በፊት ማን ይጠብቀዋል የሚለውን ነው።

«ሱፐርማርኬትም ምግብ ቤትም ይገባል»

ሱፐርማርኬት አይገባም፤ ለሰው መርጃ የሠለጠነ ውሻ ካልሆነ በስተቀር በር ላይ ይጠብቃል። ካፌና ምግብ ቤት የባለቤቱ ፈቃድ ነው። ጠይቆ መግባት ያስከብራል።

«መጠለያው ውስጥ ያሉት የማይረቡ ናቸው፤ ቡችላ በኢንተርኔት ይሻላል»

የበርሊን የእንስሳት መጠለያ ፋልከንበርግ በሚባለው ሰፈር ከ2001 ጀምሮ ያለ ሲሆን በአውሮፓ ትልልቆቹ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የሚያስተዳድረው ማኅበርም በ1841 የተመሠረተ ነው። እዚያ የሚገኘው ውሻ ባለቤቱ የሞተበት፣ ቤተሰቡ የፈረሰበት፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተወረሰ ሊሆን ይችላል። ቦታ ጠበበ ተብሎ ጤነኛ ውሻ አይገደልም፤ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳ መግደል እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። መጠለያው በምላሹ እናንተን ይመረምራል፦ አከራዩ ፈቅዷል? በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይሆናል? ጥያቄው የሚያስከፋው ሰው አለ፤ እኔ ግን ጥያቄ የማይጠይቀውን ሻጭ ነው የምፈራው።

ያ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ነው፣ ከመኪናው ኋላ። አንድ መለያ ልስጣችሁ። ከሌላ አገር የሚገባ ቡችላ የእብድ ውሻ ክትባት የሚወስደው 12 ሳምንት ሲሞላው ነው፣ ከዚያ 21 ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ቡችላ ቢያንስ 15 ሳምንት ሊሆነው ይገባል። «ከውጭ የመጣ፣ ስምንት ሳምንቱ፣ ወረቀቱ የተሟላ» የሚል ማስታወቂያ ራሱን በራሱ ያጋልጣል።

«ከአዲስ አበባ ይዤው እመጣለሁ፤ ክትባት ካለው ይበቃል»

ከአንዱ የአውሮፓ ኅብረት አገር ወደ ሌላው ለሚሄድ ውሻ ከማይክሮቺፕና ከፓስፖርት ጋር ክትባቱ ይበቃል፤ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ግን አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ አሁንም ሰው ይገድላል፤ ጀርመን ደግሞ ቀበሮዎቿን ጭምር በምግብ መልክ በሚጣል ክትባት እየከተበች በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗን አውጃለች። ጥንቃቄው ከዚህ ይመጣል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት፤ ከተገላበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል፣ በደሙ ውስጥ የተገኘው የመከላከያ መጠንም በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ (IU/ml) መድረስ አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት አለ፤ እሱም ከተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ አውሮፓ መግባት ያስፈልጋል። ሲደመር ከአራት ወር በታች አይሆንም፤ በመጨረሻው ሳምንት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ውሻውን ዘመድ ጋ ትቶ ይመጣል።

በርሊን የሚኖር ውሻ ይዞ ለገና አገር ቤት ሊሄድ ያሰበ ሰው ግን ሦስቱን ወር መጠበቅ ላይኖርበት ይችላል። የደም ምርመራውን ከመሄዱ በፊት እዚሁ ካሠራና የእንስሳት ሐኪሙ ውጤቱን በውሻው የአውሮፓ ፓስፖርት ላይ ካሠፈረለት፣ ክትባቱም ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ ሲመለስ የጥበቃው ጊዜ አይመለከተውም። ምርመራው መሠራት ያለበት ከበርሊን ሳይነሱ ነው።