ኢ-ኢንክ ምንድን ነው? ታብሌት ወይስ ኢ-ሪደር ለሚሉ

ለንባብ ታብሌት ልግዛ ወይስ ኢ-ሪደር (ለመጽሐፍ ንባብ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ) የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋና ሚሞሪ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። የታብሌት ስክሪን ብርሃን እያመነጨ ፊደሉን ያሳየናል። የኢ-ሪደር ስክሪን ፊደሉን የሚሠራው በእውነተኛ ጥቁርና ነጭ ቀለም ነው። ይህ ቴክኖሎጂ ኢ-ኢንክ ይባላል።

አሠራሩ ደስ ይላል። ስክሪኑ ውስጥ የጸጉር ውፍረት ያህል ስፋት ያላቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ከስር ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንደኛው ወገን ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ጥቁሮቹ የወጡበት ቦታ ፊደል ይሆናል፣ ነጮቹ የወጡበት ደግሞ ባዶ ወረቀት ይመስላል።

ቅንጣቶቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም እዚያው ይቆያሉ። ኢ-ሪደር አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ለሳምንታት የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ ስክሪኑ ኃይል የሚፈልገው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ነው። ፀሐይ ላይም እንደ ወረቀት ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ምክንያቱም የሚታየን ከውጭ መጥቶ ያረፈበት ብርሃን ነው። ለማታ አብዛኞቹ ኢ-ሪደሮች ጠርዛቸው ላይ ትናንሽ መብራቶች አሏቸው፤ እነሱም የሚያበሩት ገጹ ላይ እንጂ ወደ ዓይናችን አይደለም።

ሐሳቡ የተወለደው በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን፣ ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ በ1997 ተመሠረተ። ሶኒ በ2004 ጃፓን ውስጥ ሊብሪዬ የተባለውን ኢ-ሪደር አወጣ። አማዞን በ2007 ኪንድል የተባለውን ኢ-ሪደሩን ሲያመጣ ነገሩ በሰፊው ታወቀ።

ድክመቱም የሚመጣው ከዚያው ከአሠራሩ ነው። ቅንጣቶቹ ፈሳሽ ውስጥ ተጉዘው ቦታ መቀየር ስላለባቸው ስክሪኑ ዘገምተኛ ነው። ገጽ ስትገልጡ አንዳንዴ ብልጭ ይላል፣ የቀድሞው ገጽ ፊደልም ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ቪዲዮ ለማየት አይሆንም። ባለቀለሙ ኢ-ኢንክም አለ። ካሌይዶ 3 የሚባለው ዓይነት ጥቁርና ነጩን በ300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ የምስል ነጥቦች ብዛት) ሲያሳይ ቀለሙን ግን በ150 ነው የሚያሳየው፤ ገጹም ጠቆር ይላል።

እኔ ከምንም በላይ የማስጠነቅቀው ስለ ፒዲኤፍ ነው። ኢፐብ የሚባለው የመጽሐፍ ፋይል ፊደሉን ስታተልቁት መስመሩን ራሱ ያስተካክላል። ፒዲኤፍ ግን ገጹ እንደተቆለፈ ነው። የኤ4 ገጽ ወርድ 21 ሴንቲሜትር ነው፤ ባለ 6 ኢንች ስክሪን (6 ኢንቹ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ ነው) ወርዱ ወደ 9 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 12 ነጥብ ፊደል ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል። አጉልቶ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ማንበብ ደግሞ በዚህ ዘገምተኛ ስክሪን ትዕግስት ይጨርሳል። ንባባችሁ በአብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ፣ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ሰንጠረዥ ወይም ባለቀለም ሥዕል ከሆነ 10 ኢንች አካባቢ የሆነ ታብሌት ግዙ። ልብ ወለድና ታሪክ ለሰዓታት የምታነቡ ከሆነ ግን ያለምንም ማመንታት ኢ-ሪደር እላለሁ። ሜሴጅ ብቅ እያለ አያቋርጣችሁም፣ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ኢ-ሪደር ስትመርጡ መጽሐፍ ከየት እንደምታገኙም አስቡ። ከኪንድል የተገዛ፣ እንዳይቀዳ የተቆለፈ መጽሐፍ ኮቦ በሚባለው ሌላ ኢ-ሪደር ላይ አይከፈትም፣ የኮቦውም ኪንድል ላይ እንዲሁ። ታብሌት ላይ የሁለቱንም አፕ መጫን ይቻላል። ኮቦ ኢፐብን በቀጥታ ይከፍታል፤ ኪንድል ላይ ግን ፋይሉ መጀመሪያ መቀየር አለበት፣ ለምሳሌ በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት በኩል።

የምታነቡት ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የራሳችሁን ፋይል ጭናችሁ ክፈቱት። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ከመጣ መሣሪያው ፎንቱ (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) የለውም ማለት ነው። ኪንድልም ኮቦም በዩኤስቢ ገመድ የራስን ፎንት ለመጨመር ይፈቅዳሉ፤ ፎንቱን ከጨመራችሁ በኋላ መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፊደል ምርጫው ላይ እሱን መምረጥ እንዳትረሱ።