ከፊል የግል ቦታ ምንድን ነው? ስለ ተማሪዎች መኖሪያና ስለ ደጃፍ

በአራት ኪሎ ወይም በፒያሳ በቆዩ የቀበሌ ቤቶች ያደገ ሰው ቃሉን ሰምቶት ባያውቅም ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ሰባት ስምንት አባወራ አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ተጋርቶ በሚኖርበት ግቢ፣ ከውጭው በር እስከ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ያለው መሬት የመንገድም አይደለም፣ የአንድ ሰው ብቻም አይደለም። እንግዳ ሲገባ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ቀና ብላ «ማንን ፈልገው ነው?» ትላለች፤ በዚህች አንድ ጥያቄ ውስጥ አክብሮትም ጥበቃም አለ። በሥነ ሕንፃ ከፊል የግል ቦታ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከግል ክፍል ውጭ ቢሆንም እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት፣ ሌላው ሲረግጠው የሰው ቤት እንደገባ የሚሰማው ስፍራ ማለት ነው።

የተማሪዎች መኖሪያ ሲታቀድ ደኅንነት፣ የግል ነፃነትና ማኅበራዊ ኑሮ እርስ በርስ የሚሻሙ ሦስት ፍላጎቶች ተደርገው ሲቀርቡ ይታያል፤ አንዱ ሲጨመር ሌላው የሚቀነስ ይመስላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስቱም በአብዛኛው የሚወሰኑት በዚህ መካከለኛ ቦታ ነው፤ በተለይም ቦታውን ስንት ሰው ይጋራዋል በሚለው ቁጥር።

አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን ይህን የተረዳው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ባላቸው 33 ሕንፃዎች የተገነባውን የፕሩት አይጎ የመኖሪያ መንደር ሲመለከት ነበር። ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋራው የደረጃ ማረፊያ በንጽሕና ተይዞ ሳለ፣ ሃያ ቤተሰብ የሚመላለስበት ኮሪደር ተበላሽቷል፤ መቶ ሃምሳ ቤተሰብ የሚጠቀምበት መግቢያና አሳንሰርማ ጭራሽ ባለቤት አልነበረውም። ነዋሪዎቹ ግን ያው ነበሩ። ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ሐሳብ ባጭሩ፣ ሰው የሚጠብቀው የእኔ ነው ብሎ ሊያስበው የሚችለውን ያህል ቦታ ነው የሚል ነው።

ለተማሪዎች መኖሪያ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አንድሩ ባውምና ስቱዋርት ቫሊንስ በኒውዮርክ ግዛት፣ በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው ጥናት ነው። በአንዱ ዓይነት ሕንፃ 34 ያህል ተማሪዎች በአንድ ረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ እያደሩ መታጠቢያውንና ሳሎኑን ይጋሩ ነበር፤ በሌላው ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ተማሪዎች የራሳቸው ትንሽ ሳሎንና መታጠቢያ ነበራቸው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፋት በሁለቱም ተቀራራቢ ነው። ሆኖም የኮሪደሩ ነዋሪዎች መጨናነቅ ይበልጥ ይሰማቸው ነበር፤ ከመኖሪያቸው ውጭ እንኳ፣ በአንድ መጠበቂያ ክፍል ከማያውቁት ሰው ጋር ሲቀመጡ፣ ራቅ ብለው መቀመጥን መርጠዋል። ከማን ጋር መቼ እንደሚገናኙ መወሰን ያልቻሉ ሰዎች መገናኘትን ራሱን መሸሽ ጀመሩ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባውም ከአንድ ባልደረባው ጋር፣ አርባ ያህል ተማሪዎች የሚኖሩበትን ረጅም ኮሪደር ከመሃል ያሉ ሦስት መኝታ ክፍሎችን ወደ ሳሎንነት በመለወጥና በር በመግጠም ለሁለት ሲከፍለው፣ በነዋሪዎቹ ዘንድ የመጨናነቅ ስሜቱ ቀነሰ፤ ወዳጅነትም በረከተ።

ወደ አዲስ አበባ መሃል እንመለስ። ከስድስት ኪሎ አደባባይ ተነስቶ ወደ ዶርሙ የሚሄድ ተማሪ በግቢው በር መታወቂያ አሳይቶ ይፈተሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ግቢው፣ ብሎኩ፣ ኮሪደሩና የክፍሉ በር ነው። ከበሩ በስተጀርባ አራት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሰው በተደራራቢ አልጋ ይኖራል፤ ከተለያየ ክፍለ ሀገር፣ በተለያየ ቋንቋ አድገው የመጡ፣ ብዙዎቹም ከቤት ሲለዩ የመጀመሪያቸው የሆኑ ወጣቶች ናቸው። የጎደለው ደጃፉ ነው። ክፍሉ ራሱ ማኅበር ስለሚሆን፣ የታችኛው አልጋ ባለቤት በአንሶላ ወይም በነጠላ ጋርዳ የግል ቦታ ለማግኘት ትገደዳለች። ያቺ ነጠላ ለንድፍ ባለሙያው የቀረበች ጥያቄ ናት፤ መልሷም የራሱ መብራት ያለው የተከለለ አልጋ፣ የሚቆለፍ ሎከርና ከፊት ለፊቱ በር ጋር ትይዩ ያልሆነ በር ነው።

ማኅበራዊ ኑሮ ትልቅ አዳራሽ ስለተሠራ አይመጣም። ሰው የሚተዋወቀው የግድ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ልብስ ማጠብ፣ ማስጣትና ቡና ማፍላት ነው። በክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ መከልከሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለጥቂት ሰው የምትበቃ አንዲት ማብሰያ ክፍል ካልተተካች ቡናው ተደብቆ ይፈላል። ማብሰያዋ የጠዋት ፀሐይ ቢያገኛት፣ ከክረምቱ ዝናብ የተከለለ ማስጫ ቢኖራትና መስኮቷ ደረጃውን ቢያይ፣ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ያለ ተጨማሪ ዘበኛ የሚያይ ዓይን ተገኘ ማለት ነው። ካሜራ የሚጠቅመው በአብዛኛው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃው ከኮሪደሩ ማዶ መሆኑ ከግቢው አጥር ዝቅታ የማያንስ የደኅንነት ጉዳይ መሆኑንም ፕላን የሚያጸድቁ ሰዎች ቢያስቡበት እወዳለሁ። ሌሊት ሌሊት መውጫን በብረት በር መቆለፍ ደግሞ በምንም ዓይነት ጥበቃ ሊባል አይገባውም፤ እሳት ቢነሳ ነዋሪውን የሚያግተው ያው በር ነው።

የአልጋ ቁጥር ጉዳይ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ባለ ስድስት አልጋ ሦስት ክፍሎችን ወደ ሳሎን መለወጥ 18 አልጋ ማጣት ነው፤ ይህ ለተማሪው ማደሪያ ፍለጋ ለሚጨነቅ ኃላፊ ቀላል ነገር አይደለም። በአዲስ ግንባታ ግን ኪሳራው ያን ያህል አይሆንም። ዋናውን ደረጃ ከሕንፃው መሃል አድርጎ፣ 36 ተማሪ የሚይዘውን ወለል ግራና ቀኝ ለ18 ለ18 ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ወገን በርና ማብሰያ መስጠት፣ በሁለቱም ጫፍ ደግሞ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ ማኖር በአብዛኛው የኮሪደሩን ስፋት በሌላ መልክ መደልደል ነው። ፕላኑን የሚገመግም ሰውም አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መስከረም ላይ የገባች ተማሪ ኅዳር ላይ፣ ማታ ከደጃፏ ያገኘችው ሰው ከነዋሪዎቹ አንዱ ይሁን አይሁን በመልኩ ለይታ፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ማለት ትችላለች?